ቅባቱና ገላው

በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ የሸማ መደብሮች አጠገብ፣ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠውን አልኮል የሌለበት የሽቶ ቅባት በየዓይነቱ በእጄ አንጓ ላይ አኑሬ ጠባዩን ስመረምር፣ መዓዛ እንደ ሰው በመጀመሪያው ሰላምታ የማይታወቅ መሆኑን ተረዳሁ። ሰንደሉ ለስላሳና ትሑት ነው፤ እስከ ሠርክም ስለማይለወጥ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይሰለቻል። ጽጌረዳው ከእንጦጦ በሚወርደው የባሕር ዛፍ ሽታ ተሸንፎ ወዲያው ይጠፋል። ከርቤው ግን ምሬቱን አስቀድሞ ጣዕሙን ያስከትላል፤ ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 30 ለቅብዐ ቅዱሱ 500 ሰቅል ከርቤና 250 ሰቅል ቀረፋ ከሌሎች ቅመሞች ጋር በወይራ ዘይት እንዲዋሐድ ካዘዘ በኋላ፣ ያንኑ ቅባት ለተራ ሰው ገላ ማዋልን መከልከሉ፣ አበው የመዓዛን ኃይል ምን ያህል ያከብሩት እንደ ነበር ያስረዳል።

ከሁሉ የበለጠብኝ፣ ከጥርኝ የሚገኘው፣ ከከፋና ከጅማ አገር በቀንድ ታሽጎ እስከ ፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ይጓዝ የነበረው ዝባድ ነው፤ ሲበዛ አፍንጫ ያስይዛል፣ በዘይት ቀጥኖ ሲቀባ ግን የገላን ሙቀት ተዋሕዶ ግርማ ይሰጣል። ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ዝባድ ተቀብተህ በተጨናነቀ ታክሲ አትሳፈር።