ስኳርና ደም ግፊት ካለባት እናቴ ጋር በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ

ከገጹ ስጠፋ በውስጥ መስመር «ደህና ነሽ ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ደህና ነኝ። አሜሪካ የምትኖረው ታናሽ እህቴ የእናታችንን 70ኛ ዓመት ምክንያት አድርጋ እናቴን፣ እኔንና የሰባት ዓመቷን ልጄን የሜዲትራኒያን የክሩዝ መርከብ ጉዞ ጋብዛን ሄደን መጣን።

ፎቶ ልለጥፍላችሁ አይደለም። እናቴ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። ጠዋት ሜትፎርሚንና ግሊሜፒራይድ፣ ማታ አምሎዲፒን ትወስዳለች። ከእናንተ መካከል ወላጆቻችሁን ውጭ አገር ወዳሉ ልጆቻቸው የምትልኩ፣ ወይም ውጭ ሆናችሁ የምታስመጧቸው ብዙ ናችሁ። ስለዚህ ያየሁትን እንደ ልጅም እንደ ሐኪምም ልንገራችሁ።

መርከቧ መካከለኛ የምትባል ናት፤ 1,200 ያህል መንገደኛ ትይዛለች። ከ7,000 በላይ ሰው መጫን ከሚችለው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» ጋር ስትነጻጸር ትንሽ ናት። የውሃ ሸርተቴ የላትም፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህ ሙዚቃም የላትም። አብዛኛው መንገደኛ ጡረታ የወጣ ነው። ልጄ በሳምንቱ ውስጥ የጨዋታ ጓደኛ ያገኘችው ሁለት ብቻ ነው፤ እንደሰለቻት አልደብቃችሁም። ለእናቴ ግን ልክ ነበረች። ከመኝታ ክፍሏ እስከ ምግብ ቤቱ የሚያስኬደው አጭር ነው፣ ወንበር በየቦታው አለ፣ አስተናጋጁ በሁለተኛው ቀን በስሟ ይጠራት ጀመር። ጉልበት ለሚያማቸው አረጋውያን እንዲህ ያለችውን እመርጣለሁ። ከትንንሽ ልጆች ጋር ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ትልልቆቹ ይሻላሉ።

የተነሳነው ከሮም በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ከምትርቀው ከቺቪታቬኪያ ወደብ ነው። እዚያ ስትደርሱ ትልልቁን ሻንጣ ወደቡ ላይ ይቀበሏችኋል። ክፍላችሁ በር ላይ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ የእኛ ማታ ደረሰ። በመጨረሻው ምሽትም እንዲሁ ከክፍል ውጭ አውጡ ይባልና ጠዋት ወደቡ ላይ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ መድኃኒት፣ የስኳር መለኪያና የደም ግፊት መለኪያ ሁልጊዜ በእጅ ቦርሳ! ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ ክፍል ውስጥ ያለችውን ትንሽ ማቀዝቀዣ በጭፍን አትመኑ። አንዳንዷ በደንብ አታቀዘቅዝም፣ አንዳንዷ ግድግዳዋ አጠገብ ያስቀመጣችሁትን ታደርቃለች። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል። የተከፈተና በአገልግሎት ላይ ያለ ኢንሱሊን ግን አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በታች እስከ አራት ሳምንት ያህል ከማቀዝቀዣ ውጭ ይቆያል።

ሰዓትን በተመለከተ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው አያስቸግርም። በዚያ ወቅት ጣሊያን ከእኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ወደኋላ ነው፣ ግሪክ ደግሞ እኩል ነን። ከአሜሪካ የሚመጡ ግን ልዩነቱ ቢያንስ ስድስት ሰባት ሰዓት ስለሚሆን ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ማነጋገር አለባቸው።

መርከቧ ከመነሳቷ በፊት የአደጋ ጊዜ ልምምድ አለ። እናቴ «ገና ሳንነሳ ሟርት» አለችና ተቆጣች። በጥር 2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ ከዚሁ ወደብ ተነስታ በዚያው ምሽት ከድንጋይ ተላትማ 32 ሰው መሞቱን አልነገርኳትም። ያኔ አዲስ የተሳፈሩት ብዙዎቹ ገና ልምምዱን አላደረጉም ነበር። አሁን ዓለም አቀፉ ሕግ መርከቧ ሳትነሳ ወይም ወዲያው እንደተነሳች እንዲደረግ ያዛል። ልጆቻችሁ የሕይወት ጃኬታቸው የት እንዳለ ራሳቸው እንዲያሳዩአችሁ አድርጉ።

ሰኞ ማልታ ገባን። እናቴ ከጉዞው ሁሉ የወደደችው ይህችን ደሴት ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት ናትና። ከእኔ በላይ ታሪኩን ታውቀዋለች። የደሴቱ ሹም አባት በትኩሳትና በተቅማጥ ታሞ ጳውሎስ እንደፈወሰው ስትተርክልን፣ እኔ ደግሞ በሆዴ «በመርከብ ላይ ዛሬም የሚያስፈራን ተቅማጡ ነው» እላለሁ። ኖሮቫይረስ የሚባለው ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣ ቫይረስ ብዙ ሰው አንድ ላይ በሚበላበት ቦታ እንደ ሰደድ እሳት ነው። አልኮል ያለበት ሳኒታይዘር በዚህ ቫይረስ ላይ ደካማ ነው። በሳሙናና በውሃ መታጠብ ያስፈልጋል። ምግብ ቤቱ መግቢያ ላይ የእጅ መታጠቢያ ተደርድሯል፣ ብዙው ሰው ግን ሳኒታይዘሯን ነካ አድርጎ ያልፋል። ሳይታጠብ ማዕድ የማይቀርብ ሕዝብ ልጅ መሆን እዚህ ላይ ይጠቅማል። እናቴ ልጄን ሦስት ጊዜ አስታጥባታለች።

ከወደቡ እስከ ቫሌታ ከተማ ያለው አቀበት ያስፈራል፤ ግን 58 ሜትር የሚያወጣ አሳንሰር ስላለ ለጉልበቷ ግልግል ሆነ። ማታ ላይ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቿ አብጠው አገኘኋቸው። አምሎዲፒን ይህን ያደርጋል፣ ሙቀትና ረጅም መቀመጥ ያብሰዋል። እግሯን ከፍ አድርጋ ተኛች፣ ጠዋት ቀለል አለ። እብጠቱ በአንድ እግር ብቻ ከሆነና ካመመ፣ በተለይ ከረጅም በረራ በኋላ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ደግሞ ደቂቃም አይጠበቅም።

ከማልታ ስንወጣ ባሕሩ ተነሳ። ልጄ አስመለሳት። ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ለዚህ በጣም ተጋላጭ ናቸው፤ ከ2 ዓመት በታች ያሉት ብዙም አይነካቸውም። ከመርከቧ መሃል፣ ዝቅ ካለው ፎቅ ላይ ክፍል መያዝ፣ ስልክ ከማየት ይልቅ ወደ ውጭ አድማሱን ማየት ይረዳል። እናቴ ከቦርሳዋ ሎሚ አወጣች! የክፍለ አገር አውቶቡስ ላይ ለእኛ ታደርግልን እንደነበረው አሸተተቻት። ዝንጅብልም አፈላንላት። ዝንጅብሉ በጥናትም የተወሰነ ድጋፍ አለው፤ ሎሚውን ማንም አይከለክላችሁም። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈውን መድኃኒት ግን ለልጆች አትስጡ። ግላኮማ ወይም የፕሮስቴት እጢ ማበጥ ላለባቸው አባቶችም አይሆንም፤ አረጋውያንን ሊያወዛግብም ይችላል።

በማግስቱ የመርከቧን ክሊኒክ ሄጄ አየሁት። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው። ሐኪምና ነርሶች አሉ፤ የልብ ምርመራ ኢሲጂ፣ ራጅ፣ ኦክስጅን፣ መሠረታዊ የደም ምርመራ አለ። ቀዶ ሕክምና ግን የለም። ከባድ ሕመም ሲመጣ ሥራቸው በሽተኛውን አረጋግቶ ወደብ እስኪደርስ ማቆየት ወይም በሄሊኮፕተር ማስወሰድ ነው። ክፍያው ውድ ነው፣ በክፍላችሁ ሒሳብ ላይ ይመዘገባል፣ ከዚያ እናንተ ደረሰኝ ይዛችሁ ከመድን ድርጅታችሁ ትጠይቃላችሁ። ለሼንገን ቪዛ የሚጠየቀው የ30,000 ዩሮ የጤና መድን ትንሹ ልክ ነው። ስትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ነባር በሽታን ይሸፍናል ወይ? ከባሕር ላይ ማጓጓዝን ይሸፍናል ወይ?

አሁን ወደ ረቡዕ ልምጣ።

ረቡዕ ሳንቶሪኒ ደረስን። መርከቧ ወደብ አትጠጋም፤ ባሕሩ መሃል ቆማ በትንንሽ ጀልባ ያወርዱናል። ከተማዋ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ገደል አናት ላይ ናት። መውጫው በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ኬብል ካር፣ ወይም በበቅሎና በአህያ፣ ወይም 600 ገደማ ደረጃ ነው። ኬብል ካሩን መረጥን፤ ሰልፉ ግን ረጅም ነበር፣ ፀሐዩም ከረር ብሏል። ጠዋት ቁርስ ላይ እናቴን ስጠይቃት «ከእህትሽ ጋር ቀድሜ በልቻለሁ» አለችኝ። እህቴ ደግሞ ከእኔ ጋር የበላች መስሏታል።

ላይ ወጥተን ትንሽ እንደተራመድን ዝም አለች። እናቴ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ግንባሯን ሳየው ላብ ችፍ ብሏል፣ እጇን ስይዘው ቀዝቃዛና የሚንቀጠቀጥ ነው። ጥላ ስር አስቀምጬ ለካሁት፦ 56።

«እማዬ፣ ዛሬ ምን በላሽ?»

«ረቡዕ አይደል እንዴ። ዘጠኝ ሰዓት እበላለሁ።»

ክኒኑን ግን ጎህ ሲቀድ በውሃ ውጣዋለች። ግሊሜፒራይድ ቆሽትን ኢንሱሊን አምጣ እያለ የሚያስገድድ መድኃኒት ነው፤ ሰውዬው ይብላ አይብላ ግድ የለውም። እህቴ እየሮጠች የብርቱካን ጭማቂ አመጣች። እናቴ ፊቷን አዞረች። «ሰዓቱ አልደረሰም» አለች፣ ምላሷ እየተሳሰረ። ያኔ እንደ ሐኪም መናገር ትቼ እግሯ ስር ተንበረከክሁ። «እማዬ፣ ይሄ መብል አይደለም፣ መድኃኒት ነው። እምቢ ካልሽ እዚህ ባዕድ አገር እጄ ላይ ትወድቂያለሽ።» ልጄን አየቻት። ልጄ እያለቀሰች ነበር። አማተበችና ጠጣችው።

ከ70 በታች ሲሆን የሚደረገው ይህ ነው፦ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ መለካት፣ ካልወጣ መድገም። ቸኮሌት አይሁን፣ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ሰውዬው ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታስገቡ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ እርዳታ ጥሩ። እናቴ 15 ደቂቃ ቆይታ 91 ሆነች። በዚህ አይበቃም፤ ግሊሜፒራይድ እስከ ማግስቱ ሊሠራ ስለሚችል ምግብ መከተል አለበት። አጠገባችን ካለች ትንሽ ምግብ ቤት የአገሬውን «ፋቫ» ከዳቦ ጋር አዘዝንላት። ቀመሰችና «ይሄ እኮ የእኛ ኪክ ነው» አለች። እውነቷን ነው ማለት ይቻላል፤ እንዲያውም የሳንቶሪኒው እህል የጓያ ዘመድ ነው። (ጓያ ለወራት ብቻውን ሲበላ እግር እንደሚያሽመደምድ ታውቃላችሁ። አንድ ሰሃን ፋቫ ምንም አያደርግም፣ አትደንግጡ።)

ማታ ክፍላችን ውስጥ አልተጨቃጨቅንም። ለ70 ዓመት ሴት ጾሟን እንዴት እንደምትጾም የማስተምር እኔ ማን ነኝ? ግን ስኳር ያለባቸው ታካሚዎቼ ጾም ሲገባ የሚያደርጉትን ስለማውቅ አንድ ነገር ለመንኳት፤ ለነፍስ አባቷ እንድትደውል። በመርከቧ ውድ ኢንተርኔት ደወልንላቸው። በሽታዋን ያውቃሉ፣ ጠዋት የምትውጠው ክኒን እንዲህ እንደሚያደርግ ግን አልነገረቻቸውም ነበር። ረጋ ብለው ሰሙና «መድኃኒትሽን አታቋርጪ፣ ጠዋት የጾም ምግብ ብዪበት፣ ሰዓቱን እኔ ፈቅጄልሻለሁ» አሏት። እኔ ለዓመታት የነገርኳትን በሁለት ደቂቃ ጨረሱት። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ግን እንኳን ጨረሱት።

ሐሙስ ሮድስ ዋልን። ዓርብ ጠዋት ለዋናው አስተናጋጅ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ብለን ነገርነው። በውሃ የተፈላ የአጃ ገንፎ፣ ባቄላ በቲማቲም፣ የወይራ ዘይት የፈሰሰበት ዳቦ አመጣ። ክኒኗን ከምግቡ ጋር ዋጠች። ከሁለት ሰዓት በኋላ 148 ሆነ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ እንድሰጣት ጠየቀችኝ፤ ለነፍስ አባቷ ደውላ ልትነግራቸው።