አሮጌው በር ላይ ማን ይቁም?

መገናኛን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የታክሲ ተራ ቦታ በተቀየረ ማግስት ሰው ሁሉ ጠያቂ ነው። «የኮተቤ ተራ የት ሄደ?» «የገርጂስ?» ደግነቱ መልስ አይጠፋም። ሊስትሮው በብሩሹ ያመለክታል፤ ቆሎ ሻጯ «ተሻገሪና እዚያ ጠይቂ እናቴ» ትላለች። ጠፍቶ የሚቀር ሰው የለም። ጠያቂም ጠቋሚም የሌለበት መንገድ እንዳለ የተረዳሁት ባለፈው ዓመት፣ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት በተነሳ ክርክር ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ከመገናኛ ብዙም በማትርቅ፣ በነዋሪው መዋጮ በቆመች ትንሽ ቤተ መጻሕፍት አገለግላለሁ። ድረ ገጽም አላት። የመጻሕፍቱ ዝርዝር፣ የሥራ ሰዓቷ፣ እኛ በዕድሜ የገፋነው በድምፃችን ያነበብናቸው የልጆች ተረቶች እዚያ ይገኛሉ። ውጭ አገር የምትኖረው የልጅ ልጄ ከመተኛቷ በፊት ተረት የምትሰማው ከዚያ ነው። እናቷ አድራሻውን በስልኳ ላይ አስቀምጣላታለች።

አድራሻው በ«ዶት ኮም» የሚያልቅ ነበር። እንዲህ ያለ ስም አንዴ ተገዝቶ የሚቀር ሳይሆን እንደ ቤት ኪራይ በየጊዜው የሚታደስ ነው፤ የምንከፍለውም በዶላር ነበር። እኛ ዶላር ከየት እናመጣለን? ስሙን ያስመዘገበልን ወጣት ውጭ ከሄደ በኋላም ከኪሱ ሲከፍልልን ቆየ። በመጨረሻ ኮሚቴው፣ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል በብር ወደሚከፈለውና በ«ዶት ኢቲ» ወደሚያልቀው የአገራችን ስም እንዛወር አለ። በዚህ ሁላችንም ተስማማን። ያከራከረን አሮጌውን ስም ምን እናድርገው የሚለው ነው።

ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። «አዲስ ቤት ገብተን የአሮጌውን ኪራይ የምንከፍለው ለምንድን ነው ሲስተር?» አሉኝ። ሌላው የኮሚቴ አባልም ደገፏቸው፤ «ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ስሙ ስንቴ ተቀየረ? ሕዝቡ መቼ ጠፋው? ዛሬም ወመዘክር ብሎ ይሄዳል» አሉ። አባባላቸው እውነት ነበረው። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

በነርስነት በሠራሁበት ዘመን የእናቶችና ሕፃናት ክፍላችን ወደ ሌላ ግቢ ተዛውሮ ነበር፤ በእግር ቢበዛ 20 ደቂቃ ያስኬዳል። አሮጌው በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፍን። ዝናብ መጣና ወረቀቱን አወረደው። መልሶ የመለጠፉ ኃላፊነት የእኔ ነበር፤ ሥራ በዛብኝና ዛሬ ነገ እያልኩ ተውኩት።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት እናት የ11 ወር ልጇን አቅፋ መጣች። ልጁን ትኩሳት ያቃጥለዋል፤ ሰውነቱ በኩፍኝ ሽፍታ ተሸፍኗል። ክትባቱ በ9 ወር መሰጠት ነበረበት። ካርዱን አይቼ «ለምን በቀጠሮሽ አልመጣሽም?» ብዬ ተቆጣኋት። «መጥቼ ነበር ሲስተር። ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ በሩ ዝግ ነው። ክትባቱ የቀረ መስሎኝ» አለችኝ። ልጁ በሕይወት ተረፈ። ኩፍኝ ግን በተለይ ቫይታሚን ኤ ያነሰውን ሕፃን ዓይኑን ይጎዳል፤ የዚህም ልጅ ግራ ዓይን ላይ ጠባሳ ቀረ። እናቱ አልወቀሰችኝም። በማግስቱ አሮጌው በር ላይ ዘበኛ አቆምን። አንድ ዓመት ያህል ቆሞ የመጣውን ሁሉ ወደ አዲሱ ግቢ ይመራ ነበር። ለዚያ ልጅ ግን አልደረሰም።

ይህን ስነግራቸው የኮምፒውተሩን ሥራ የሚረዳን ወጣት «እኛም እኮ ዘበኛ ማቆም እንችላለን እማማ» አለ። አሮጌውን ስም እያደስን ከያዝነው፣ በእሱ የመጣውን ሰው ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ አዲሱ ያደርሰዋል። ነገር ግን ሁሉንም ወደ ዋናው ገጽ መላክ አይበቃም፤ ተረት የፈለገ ወደዚያው ተረት፣ መጽሐፍ የፈለገ ወደዚያው መጽሐፍ መድረስ አለበት። ገባኝ። ዘበኛው «ያ ግቢ ነው» ብቻ ሳይሆን «ክትባት ክፍሉ በስተቀኝ ነው» ማለት አለበት። ስለ ወመዘክርም መለሰላቸው፤ «ሰው ጠይቆ ይደርሳል፤ በኢንተርኔት አንድ ፊደል ከተለወጠ የሚጠየቅ ሰው የለም» አላቸው።

ከዚያ የባሰውን ነገረን። ስሙ ሳይታደስ የእፎይታው ጊዜ ካለፈ ማንም ሊወስደው ይችላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው አሮጌ አድራሻ ደግሞ ፈላጊ አያጣም። በአሮጌው የኢሜይል አድራሻ የሚላክልን ደብዳቤም አዲሱ ባለቤት እጅ ሊገባ ይችላል። ባለቤቶቹ የተዉትን አንድ የልጆች ገጽ በስልኩ ከፍቶ አሳየን፤ የስፖርት ውርርድ ሞልቶበታል። ሰብሳቢያችን መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጆቻችን ተረት ብለው ሲነኩ ይህን ሊያዩ ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

አሮጌውን ስም ለ5 ዓመት አሳደስነው። ብሩን አዋጣን፤ ዶላሩን ልጄ በካርዷ ከፈለች። ሁለቱም ስሞች በቤተ መጻሕፍቷ ስም ተመዘገቡ፤ ማስታወሻው ለሁለት ሰዎች እንዲላክ ተደረገ፤ የሚያልቁበት ቀንም በትልቁ መዝገብ ላይ ተጻፈ። አድራሻችንን ለያዙ ትምህርት ቤቶችና ወላጆችም አዲሱን ላክንላቸው።

እናንተም የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ወይም የማኅበራችሁ ድረ ገጽ ካለ ይህን ጠይቁ፤ ስሙ በማን ስም ተመዘገበ? መቼ ያልቃል? ከተዛወረስ አሮጌው በማን እጅ ነው?

በተዛወርንበት ምሽት ለልጅ ልጄ ደወልኩ። «የድሮውን ንኪው እስቲ» አልኳት። ትንሽ ቆይቶ የራሴ ድምፅ ተረቱን ሲጀምር በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ። «ከፈተልሽ? ወደ አዲሱ ወሰደሽ?» አልኳት።

«የቱ አዲስ እማማ?» አለችኝ።