ቅጹ የማያውቀው ጉዳት

በአገራችን ችግረኛን መርዳት ከጥንት የኖረ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ልማዱ ዐይን ላየው ችግር ያደላል። ዐይነ ስውሩን መንገድ ያሻግራል፤ እግሩ ለተቈረጠው ይመጸውታል፤ ሕመሙ ያልተለመደ ሰው ግን በመጀመሪያ መታመሙን ማስረዳት አለበት። በዚህ ጽሑፍ ላሳስብ የምፈልገው ይኸው ልማድ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተነሥቶ ወደ ማመልከቻ ቅጽ መግባቱን ነው።

ለዚህ ምስክሬ አልቢኒዝም ነው። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ከወላጆቹ በሚወርሰው ምክንያት ለቆዳ፣ ለጠጕርና ለዐይን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን በሰውነቱ ውስጥ በበቂ አይሠራም። ስለዚህ ቆዳው በፀሐይ ይቃጠላል፤ ውሎ አድሮም ለቆዳ ካንሰር ይጋለጣል። ዐይኑ ብርሃን አይችልም፤ የማየት ድካሙንም መነጽር ሙሉ በሙሉ አያቃናውም። ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች እንደየአገሩ ከ5,000 ሰው እስከ 15,000 ሰው አንዱ እንዲህ ሆኖ እንደሚወለድ ይገመታል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጉና ተራራም ከ4,000 ሜትር ያልፋል። አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ደጋው ብርድ በመሆኑ ፀሐዩ የማይጐዳ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለው የገጠር ሰው ርዳታ ለመጠየቅ ወዴት ይሄዳል? አካል ጉዳተኛ የሆነ ሁሉ በየወሩ የሚቀበለው አበል በአገራችን የለም። በጡረታ ሕግ የሚከፈለው የጉዳት አበል ለደመወዝተኛው ነው፤ ገበሬው አይገባበትም። ለገበሬው የቀረው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲ ኔት ሲሆን፣ በደቡብ ጎንደር ላይ ጋይንትንና እብናትን የመሳሰሉ ወረዳዎች ታቅፈውበታል። ደንቡ ሁለት በር አለው፤ ጉልበት ያለው እርከን ሠርቶ ይከፈለዋል፤ ጉልበት የሌለው ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በአራተኛው ምዕራፍ የሥራው ክፍያ ለ6 ወር፣ ቋሚው ቀጥታ ድጋፍ ግን ለ12 ወር እንዲሆን ተደረገ። ስለዚህ በየትኛው በር እንደሚገባ መወሰኑ ቀላል ነገር አይደለም።

የአክስቴ ልጅ አልቢኒዝም አለበት። በቀበሌው ያሉ መራጮች እጁንና እግሩን አይተው «ጉልበታም ነው» ሲሉ ከእርከን ሠራተኞች ጋር መዘገቡት። ከሐኪም ያመጣው ወረቀት «የቆዳ ችግር» ብሎ ያበቃል። በቅጹም ላይ ማየት ለተሳነው፣ መስማት ለተሳነውና እግሩ ለተጐዳው ሣጥን ነበረ፤ ለእሱ የሚሆን አልተገኘም። በክረምቱ ዕረፍት ስሄድ የአንገቱ ቍስል ገና አልደረቀም ነበር።

ሁለተኛውን ማመልከቻ አብረን ጻፍነው። የሕመሙን ስም ከመደጋገም ይልቅ ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሜዳ ላይ ሊውል እንደማይችል፣ የሰው ፊት ከዐሥር እርምጃ ለይቶ እንደማያውቅ፣ በፀሐይ ዶማ ሲያነሣ የሚመታውን ድንጋይ እንደማያይ ዘርዝረን አስገባን። ሊቀ መንበሩ ሁለት ጊዜ አስነብቦ «ታዲያ ይህን እስከ ዛሬ ማን ነገረን?» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተሰጠው ቅጽ ይህን ጠይቅ አላለውም። ጉዳዩም በሚመጣው ዓመት ምርጫ ይታይ ተብሎ ተቀጠረ።

ሕጉ ከቅጹ ይልቅ አስተዋይ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቍጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ ማን እንደሆነ ሲተረጕም፣ የአካሉ ጉዳት ከኅብረተሰቡ አድልዎ ጋር ተዳምሮ የሥራ ዕድሉን ማጥበቡን ይመለከታል። ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች። ጐረቤታችን ኬንያ አልቢኒዝም ላለባቸው ዜጎቿ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለማደል በጀት መድባለች፤ በ2011 ዓ.ም. ባደረገችው ሕዝብ ቈጠራም ለይታ ቈጥራቸዋለች። የእኛ የመጨረሻው ቈጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የምለው አጭር ነው። ላልተለመደ ሕመም ሁሉ ሣጥን እናበጅ ቢባል ወረቀቱ አይበቃም። ቅጹ «ምን ዐይነት ጉዳተኛ ነህ?» ከማለቱ በፊት «ምን መሥራት አትችልም? በየትኛው ሰዓት? በየትኛው ቦታ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን የአክስቴን ልጅና ስሙን ገና ያልሰማነውን ሕመምተኛ ጭምር ያስተናግዳል። ለእኛ ለተማሪዎችም ሥራ አለን። ክረምት በየአገራችን ስንበተን ለአንድ ጐረቤት አንድ ማመልከቻ፣ እሱ እየተናገረ እኛ እየጻፍን፣ በአግባቡ ብናዘጋጅለት የተማርነው ትምህርት ለአገር ሰው ጠቀመ ማለት ነው።