ሰው ሳይነካው

ይህች መጽሔታችን ፎቶግራፍ አትወድም። የዛፍ ሥዕል ቢሰጣት ማባዣው ላይ የቀለም ጭቃ አድርጋ ታወጣዋለች። ስለዚህ የምንነግራችሁን ፎቶግራፍ እዚህ ገጽ ላይ አትፈልጉት። ከሥሩ የጻፍነው ግጥም ግን ይኸውላችሁ፦

ሰው ሳይነካው ቀድሞ፣ እንደ ተፈጠረ፣
የእጁን ሥራ አየን፣ በወርቅ የከበረ።

ጉባኤ ቃናም ሁለት ቤት ብቻ ነው ብለን በማጠሯ ራሳችንን አጽናንተናል። ዛሬ ብዕር ያነሳነው ግን ግጥሟን ልናስተዋውቃችሁ አይደለም፤ ልንከሳት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሁለት ነን፤ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዲት ስቱዲዮ ተከራይተን የምንኖር፣ አንዳችን ማኅሌት ቆመን፣ ሌላችን ኳየር ዘምረን ያደግን። በሃይማኖት ጉዳይ ስንከራከር ሻያችን ይቀዘቅዛል። በአንድ ነገር ግን ተስማምተናል፦ ፍጥረትን ፎቶ አንስቶ ከሥሩ ግጥም መጻፍ እንደ ምስጋና ሊቆጠር ይችላል።

ሐሳቡ አዲስ እንዳልሆነ እናውቃለን። በሁለታችንም ቤተሰብ ሳሎን ግድግዳው ላይ ካላንደር ነበረ፤ በረዶ የለበሰ የፈረንጅ ተራራ፣ ከሥሩ የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ። እኛ የምናውቀው በረዶ ደግሞ በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው! ዛሬም አክስቶቻችን ጠዋት ጠዋት በቴሌግራም የሚልኩልን «እንደምን አደራችሁ» ያው ነው፤ ጽጌረዳ፣ ጤዛ፣ ጥቅስ። ጥቅሱን ከአንዱ አበባ ላይ አንስታችሁ ሌላው ላይ ብትለጥፉት ማንም አያውቅባችሁም። እኛ እንዲህ የማይነቀል ነገር ነበር የፈለግነው። ተራራም ቢሆን የራሳችን ተራራ አለን፤ የረር። ከ3,000 ሜትር በላይ ሆኖ ከሰፈራችን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቁጭ ብሏል፤ ታክሲ ስንጠብቅ ዘወትር እናየዋለን፣ ማለት ዘወትር ሳናየው እናልፋለን።

ጊዜውም ዘመነ ጽጌ ነበር። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት አርባ ቀናት በቤተ ክርስቲያን የአበባ ወቅት ናቸው፤ ማኅሌተ ጽጌ የሚቆመውም ያኔ ነው። የኳየሩ ልጅ ይህን ሲሰማ ተገረመ፦ «ሜዳው ሲያብብ ጠብቃችሁ ነው የምትዘምሩት?» አዎ። ድጓው ራሱ ዓመቱን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ክረምቱም፣ ዝናቡም፣ አበባውም በቦታው አለ።

እንግዲህ በጥቅምት መጨረሻ፣ ክፍል ባልነበረን አንድ ሐሙስ፣ ሊነጋጋ ሲል ተነሳን። ከብሎኮቹ ጀርባ ሳይገነባበት የቀረ የጤፍ ማሳ አለ። ጸሐይ በየረር በኩል ወጣች። ጤፉ ዘለላውን ጥሎ፣ ወደ ቢጫነት ሲያደላ፣ ጤዛ እንደ ተሸከመ ብርሃኑ ከኋላው ሲመታው እያንዳንዷ ዘንግ ለብቻዋ በራች። በተውሶ ስልክ ነበር የምናነሳው። ሰማዩ ላይ ስናነጣጥር መሬቱ ይጠቁራል፤ መሬቱ ላይ ስናነጣጥር ሰማዩ ይነጣል። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ የውሃ ታንከር፣ ባለ አራት ፎቅ ግራጫ ብሎክ ይገባብናል። በመጨረሻ ተንበረከክን። ከጉልበት በታች ሲታይ ሕንጻው ሁሉ ከጤፉ ጀርባ ጠፋ። ከሩቅ ላየን ሰው ጸሎት ላይ ያለን ሳንመስለው አልቀረንም።

«እናንተ ልጆች! ጤፌን አትርገጡ!»

አንዲት እናት ዱላ ይዘው እየሮጡ መጡ። ፍየል ነበር የመሰልናቸው። ይቅርታ ጠየቅን፤ ፎቶውን አሳየናቸው፤ ፊታቸው ፈታ አለ። እኛም ድፍረት አግኝተን ግጥሙን አነበብንላቸው። እስከ መጨረሻ አላደረሱንም።

«ሰው ሳይነካው? ታዲያ ማን አረሰው?»

ዝም አልን።

«አምስት ጊዜ ታርሷል ይኼ። ሐምሌ ላይ በዝናብ፣ ጭቃ ውስጥ ተዘራ። አረሙን በዚህ በወገቤ ነው የጨረስኩት። እግዜር ያበቅላል፣ አላልኩም፤ አረሙን ግን አይነቅልልኝም።» አማተቡና ሳቁ። ከዚያ በዱላቸው ከኋላችን ያሉትን ብሎኮች እያሳዩ፣ ያ ሁሉ እርሻ እንደነበረ፣ የእሳቸው ቤት የትኛው ብሎክ ላይ እንደነበረ፣ ካሳው እንዴት እንዳለቀ ነገሩን። ይህችኛዋም ማሳ የዘመድ ነች፤ በእኩል ነው የሚያርሷት።

የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታው በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር እኛ ገና ልጆች ነበርን፤ መሬቱ ባዶ እንዳልነበረም አልሰማንም አንልም። ግን የምንተኛበት አራተኛ ፎቅ የማን ማሳ ላይ እንደቆመ አንድ ቀን ጠይቀን አናውቅም። ጭራሽ ተንበርክከን ሕንጻውን ደበቅነው፣ በግጥም ደግሞ ገበሬዋን!

ማታ ተጣላን። የኳየሩ ልጅ «ግጥሙ ስለ እግዚአብሔር ነው፣ ስለ ግብርና አይደለም፤ ይቅር» አለ። የማኅሌቱ ልጅ ቅኔ ቤት የገባው ለአንድ ክረምት ብቻ ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ሊቅ ሆነ፦ ሰሙ ሐሰት ከሆነ ወርቁ ከየት ይወጣል? በጽጌ አበባዋ መጀመሪያ እውነተኛ አበባ ናት፤ እመቤታችን በእሷ የምትመሰለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን ከመምህሩ ሸሽቶ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ ያየውን ትል አስታወሰ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ነው የወጣው ይባላል። ያሬድ መውደቁን ሳያይ መውጣቱን ብቻ አይቶ ቢሆን ኖሮ ወደ ትምህርቱ ይመለስ ነበር? ይህን ሲል ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። የኳየሩ ልጅ አልተረታም፤ ግን እስክሪብቶ አንስቶ «ሰው ሳይነካው ቀድሞ» የሚለውን ሰረዘ።

በምትኩ ምን እንጻፍ? እስከ ዛሬ አልመጣልንም። «ሰው አርሶት፣ ሰው አርሞት» አልንና ቤቱ ተበላሸ። የመጀመሪያው መስመር እንደተሰረዘ ነው፤ ከላይ ያሳየናችሁ የድሮውን ነው።

ፎቶውን ግን እንደገና አነሳነው፤ ቆመን። የረር አለ፣ ጤፉ አለ፣ ምሰሶውና ብሎኮቹ አሉ፤ እናትየዋ ዱላቸውን ተደግፈው ከዳር ቆመዋል። ብርሃኑ እንደ ፊተኛው አላማረም። አሳጥበን የወሰድንላቸው ኅዳር ላይ፣ ጤፉ ታጭዶ ማሳው ቃርሚያ ብቻ ሲቀር ነው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ብዙ አዩት። የራሳቸውን መልክ አለፉት፣ ጤፉንም አለፉት፤ ጣታቸው አንዱ ብሎክ ላይ ቆመ።

«ቤቴ እዚህ ጋ ነበር» አሉ። ቀጥለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉትና፣ «ይቺ በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣው ልጅ ማን ናት? ታውቋታላችሁ?»

አናውቃትም ነበር። ብሎኩ ግን የእኛው ነው።