ማሳ ከዝናብ አይሸሽም

ውርጌሳ ላይ ሆኖ ቲማቲም በጀሪካን የሚተክል ሰው ቢሳቅበት አይገርምም። ከውጫሌ ወደ መርሳ በሚወርደው መንገድ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ በበጋ ሀብሩ ውስጥ መስኖ በደረሰበት ሁሉ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። ሁሉም ባንድ ሰሞን ይተክላል፣ ባንድ ሰሞን ይደርስለታል፣ ዋጋውም አብሮ ይወድቃል። ያኔ ደጃፍ ላይ ቲማቲም መኮትኮት ወንዝ ዳር ጉድጓድ እንደመቆፈር ነው።

ነገሩ የሚገለበጠው ሐምሌ ሲገባ ነው። ቅጠሉ ውሎ አድሮ ሲርስ፣ ድንችን የሚፈጀው ያው በሽታ ቲማቲሙንም አጥቁሮ ይጥለዋል። ገበሬው ማሳው ላይ ጣራ አይሠራ ነገር! ወዲያው ፍልሰታ ይገባል፤ ስልሱም ፍትፍቱም ቲማቲም ይፈልጋል፣ ዋጋውም ሽቅብ ይወጣል።

የአጭር ቲማቲም ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ማሳ ከዝናብ አይሸሽም፤ ጀሪካን ይሸሻል። ጠዋት ፀሐይ ላይ ይወጣል፣ ሲደምን በረንዳ ሥር ይገባል። ሁለት ሜትር የሚረዝም፣ እንጨት ተደግፎ የሚሳብ ዝርያ ግን እንዲህ አይገፋም አይጎተትም።

አጭር ስንል ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ድንኩ ነው፤ እንደ ማይክሮ ቶም። ፍሎሪዳ ውስጥ የወጣ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ፣ ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማያልፍ ነው። ሁለተኛው የተወሰነ ቁመት ላይ ሲደርስ አናቱ ላይ አብቦ ማደጉን የሚያቆመው ነው። እዚህ በቀላሉ የምናገኛቸው ሮማ ቪኤፍና የመልካሳ ምርምር ያወጣው መልካ ሾላ ከዚህኛው ወገን ናቸው። ለበረንዳ ይበቃሉ።

ዘሩ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ይዘራል። ችግኙ ከወር በኋላ ለሁለት በተቆረጠ፣ ታቹ በጋለ ሚስማር በተበሳ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይዛወራል። ግማሽ ጀሪካን ለአንድ ተክል ነው። አፈሩ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ይደባለቃል፤ ያልበሰለ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። በረንዳ ሥር ነፋስ ስለሚያንስ፣ ሲያብብ ዘለላውን በጣት መታ መታ ማድረግ ፍሬ እንዲይዝ ይረዳል። የፍሬው ቂጥ ከጠቆረ ደግሞ ፀረ ተባይ ፍለጋ አትሩጡ። አንድ ቀን አድርቆ አንድ ቀን የማጥለቅለቅ ውጤት ነው፤ ውኃውን አመጣጥኑ፣ የሚቀጥለው ፍሬ ደህና ይሆናል።

ዘር ማውጣቱን ግን ችላ አትበሉት። ከሱቅ የምትገዙት ዲቃላ ዘር ከሆነ፣ ከፍሬው ያወጣችሁት ዘር እናቱን አይመስልም። ሮማና መልካ ሾላ ግን ይመስላሉ። በደንብ የቀላውን ፍሬ ብርጭቆ ውስጥ ጨምቃችሁ ለሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ላዩ ነጭ ሻጋታ ያበጃል፣ ሽታውም ደስ አይልም፤ ግን ዘሩን የሸፈነው ልጋግ የሚለቀው በዚህ ነው። ስታጥቡት ባዶው ይንሳፈፋል፣ ደህናው ታች ይቀራል። ሳህን ላይ አድርቁት፤ ወረቀት ላይ ከሆነ ተጣብቆ ይቀራል።

ሁለት ጀሪካን ቤተሰብ አይመግብም፤ ከገበሬውም ገበያ አይሻማም። የበጋውን ከእሱ እንገዛለን፤ ይሄ እሱ ማምረት በማይችልበት ሰሞን ለስልስ የሚሆን ነው። የሮማ ዘር እኔ ጋ አለ። ውርጌሳና መርሳ ያላችሁ፣ ወልዲያም ብትሆኑ፣ ኑና ውሰዱ። ዋጋው አንድ ነው፦ ከመጀመሪያው ፍሬ ዘር አውጥታችሁ ለሌላ ሰው መስጠት።