ድምፅ የውኃን ሆድ ያሳያል

ከእንጅባራ ወደ ቡሬ ስንሄድ ከመንገዱ አጠገብ በደን የተከበበ ክብ ሐይቅ እናገኛለን። ዘንገና ነው። ጉድጓዱን የሠራው እሳተ ገሞራ ነው። ጥልቀቱ 166 ሜትር ያህል ነው። ዳር ቆመን ብናይ ፊቱን እንጂ ሆዱን አናይም።

እንዲህ ያለ ውኃ በምን ይለካል? ድሮ ድንጋይ በገመድ አስረው ያወርዱ ነበር። ዛሬ ሶናር የሚባል መሣሪያ አለ። አሠራሩ እንደ ገደል ማሚቶ ነው። ገደል ፊት ቆመን ስንጣራ ድምፃችን ተመልሶ ይመጣል አይደል? ሶናርም ከጀልባ ላይ ድምፅ ወደ ታች ይልካል። ድምፁ ቶሎ ከተመለሰ ወለሉ ቅርብ ነው፤ ከዘገየ ሩቅ ነው። ድምፅ በውኃ ውስጥ በ1 ሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ የዘንገናን ወለል ነክቶ ለመመለስ ሩብ ሰከንድ አይፈጅበትም።

ሶናር ዓሣም ያሳያል። ብዙ ዓሣ በድንጋይና በሰመጠ ግንድ አጠገብ ይሸሸጋል። በሆዱ ያለው የአየር ከረጢት ድምፁን ይመልሳል። አጥማጁም መረቡን የት እንደሚጥል ያውቃል።

ግን ዓሣን ማግኘት ብቻ አይበቃም። በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ ዕንቁላል ሊጥል ወደ ወንዝ ሲወጣ በመረብ እየተያዘ ቁጥሩ ቀንሷል። መሣሪያ ዓሣን ያሳያል እንጂ አያራባም። በመራቢያው ወቅት መረብን መሰብሰብ የኛ የሰዎች ሥራ ነው።