የአሮጌ መኪና ማቀዝቀዣና የኢታንግ ሙቀት

ኢታንግ ከጋምቤላ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በባሮ ወንዝ አጠገብ ያለች የቆላ አገር ናት። በየካቲትና በመጋቢት፣ ይኸውም ዐቢይ ጾም በሚውልበት ወራት፣ ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ለደገኛ ሰው የመኪና ማቀዝቀዣ ቅምጥልነት ይመስለው ይሆናል፤ የታመመ ሕፃን ታቅፋ ወደ ጋምቤላ ሐኪም ቤት የምትሄድ እናት ግን እንደዚያ አትቆጥረውም።

የጎረቤቴ አሮጌ ቶዮታ ብዙ ጊዜ የሚያመላልሰው እንዲህ ያሉትን መንገደኞች ነው። ማቀዝቀዣው ሙቅ አየር መንፋት በጀመረ ጊዜ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደው፤ «ጋዙ አልቋል» ተብሎ ተሞላለት። ከሁለት ወር በኋላ ሞቀ፤ ዳግመኛም ተሞላ። ሦስተኛውን ክፍያ ለልጆቹ ትምህርት ካስቀመጠው ገንዘብ ላይ አነሣ። ይህ በውነቱ አላስደሰተኝም፤ ጋዙ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር ነው እንጂ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለምና። ጎደለ ማለት በአንድ ወገን ሾለከ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ጋዙም ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ከዳሽቦርዱ ሥር ሲደርስ ይተንና የውስጡን ሙቀት ይስባል። መርፌ ከመወጋታችን በፊት ክንዳችን በአልኮል ሲጠረግ የሚሰማን ቅዝቃዜ ከዚሁ ሕግ የመጣ ነው።

በኋላ የተገኙት አዛውንት መካኒክ ኮፈኑን ከፍተው ገና ምንም ሳይነኩ፣ «መምህር፣ እርስዎ ዓይንዎ ደኅና ነው፤ ዘይት የያዘ አቧራ ያለበትን መገጣጠሚያ ይፈልጉልኝ» አሉኝ። ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ ጋዝ በሾለከበት ቦታ ምልክቱን ይተዋል። እውነትም በአንዱ ቧንቧ አንገት ላይ ጥቁር ቅባት ነበረ፤ ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት ደርቆ ተሰንጥቋል። ቀለበቱ ተለወጠ፤ በቧንቧው የቀረው አየርና እርጥበት በፓምፕ ወጣ፤ ጋዙም በሚዛን ተለክቶ ገባ።

ሌላም አስተማሩኝ። መኪናው ሲሄድ ቀዝቅዞ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ፣ ኮንደንሰሩ በአቧራና በነፍሳት ተደፍኗል ወይም ማራገቢያው አይዞርም። ነፋሱ ቀዝቃዛ ሆኖ ከደከመ የአየሩን ፊልትሮ ማየት ነው። ከመኪናው በታች ውኃ ቢንጠባጠብ ጤና ነው፤ ከእግር ሥር ከተኛ ግን የማፍሰሻው ቱቦ ተዘግቷል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ መኪናዎች አር-12 የሚባለውን ጋዝ ይይዙ ነበር፤ ይህም የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ውል መሠረት እንዲቀር ተደረገ። በነዚያ መኪናዎች ላይ፣ ዘይቱና አንዳንዱ ዕቃ ሳይለወጥ፣ አዲሱን አር-134ኤ መሙላት አይገባም። ቧንቧውንም በቤት መፍታት ክልክል ነው፤ ፈንጥቆ የሚወጣው ጋዝ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል።

ማቀዝቀዣው በክረምትም ቢሆን በሳምንት አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ቢሠራ፣ ዘይቱ እየዞረ የጎማ ቀለበቶቹን ከመድረቅ ይጠብቃል። ጎረቤቴ ይህን የሚያደርገው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው።